ለሦስት እግር የከበደ ጉርሻ

እናቴ ውሻ አትወድም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የሆነውን ስታነቡ እንዳትታዘቡን ነው። ውሻው የእኛም አልነበረም። ሰርቪስ ቤታችንን ተከራይቶ የነበረ አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ሥራው አልቆ ሲዛወር፣ ለሁለት ሳምንት ብቻ ያዙልኝ ብሎ ጓሮ አስሮት ሄደ፤ እንደሄደ ቀረ። የፈረንጅ ክልስ ነው ይሉት ነበር፤ ትልቅ፣ ቡናማ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ። እናቴ መሐንዲሱ ያወጣለት ስም ምላሴ ላይ አይዞርም ብላ "አንተ" ትለው ጀመር። እሱም "አንተ" ሲባል ጭራውን እየቆላ ይመጣል። አባቴ ከሞተ ወዲህ በግቢያችን "አንተ" የሚባል እሱ ብቻ ነበር።

ቤታችን ሐዋሳ፣ ከባህል አዳራሽ ጀርባ ገባ ብሎ ነው። እኔ ያኔ ከባሌ ተለያይቼ ወደ እናቴ ቤት የተመለስኩ፣ መሃል ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ቁጡ ሴት ነበርኩ። ቁጣው አሁንም አለ፤ የሄደው ባሌ ብቻ ነው። ዘመኑ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ ሁሉ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ስብሰባ የበዛበት፣ ባጃጅ ከተማውን የሞላበት ጊዜ ነበር። የእኛም ሰፈር ድንጋይ ተነጥፎ ያለቀ ሰሞን ባጃጆቹ ጉድጓዱ ቀረልን ብለው ይበሩ ጀመር።

ውሻው ቀን ቀን በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይተኛል። ያን ጊዜም ሲነሳ ቀስ ይል ነበር። መጀመሪያ የፊት እግሮቹን ይተክላል፣ ትንሽ ያስባል፣ ከዚያ ዳሌውን እየጎተተ ይነሳል። እናቴም ቁርጥማት ስላለባት ከበርጩማ የምትነሳው እንደዚያው ነው። እኔ ደግሞ የሁለቱንም በስንፍና ነበር የምተረጉመው። አንድ ቀን ከሰዓት ባጃጅ ስትታጠፍ፣ ውሻው ለመነሳት እያሰበ ሳለ ደረሰችበት፤ ግራ የኋላ እግሩ ላይ ወጣችበት። ሹፌሩ ወርዶ ራሱን ይዞ ሲያለቅስ ጭራሽ እሱን ማጽናናት የእኔ ሥራ ሆነ።

ወጌሻ የጠራሁት እኔ ነኝ። እናቴ እንስሳ ነው፣ የከብት ሐኪም ይየው ብላ ነበር። እኔ ግን ከዓመት በፊት የእሷን የተሰበረ እጅ አሽቶ ያዳነውን ሰውዬ አመጣሁ። ሰውዬው ውሻ ነክቼ አላውቅም፣ ቢሆንም አጥንት ያው አጥንት ነው አለና በቀርከሃ ስንጣቂ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። ውሻው ሦስት ቀን አለቀሰ፤ በአራተኛው ቀን ዝም አለ። ዝም ሲል ተሻለው ብለን ደስ አለን። ሽታው የመጣው በሳምንቱ ነው።

ቱላ በኩል ከብት የሚያክም አንድ ወጣት ሐኪም በሞተር ብስክሌት መጣ። ማሰሪያውን ፈታ፣ አፍንጫውን በክንዱ ሸፈነ፣ ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ያለው ምርጫ ሁለት ነው አለ፤ ወይ እግሩን ከላይ መቁረጥ፣ ወይ በመርፌ ማሳረፍ። የሰፈሩ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ያስጨንቃችኋል፣ መርፌው ነው እንጂ አለ። እኔ ግን በገዛ እጄ ያበላሸሁትን አሳርፎ መገላገል አልሆነልኝም። ይቆረጥ አልኩ።

ሐኪሙ ከዚያ በፊት የውሻ እግር የቆረጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ይህንን ሳይደብቅ ነግሮኛል። ሥራው ግን ጥሩ ነበር። ቱላ ክሊኒኩ ድረስ ልንወስደው ስንሄድ ውሻው ገና በመድኃኒቱ ደንዝዞ ምላሱን አውጥቶ ተኝቷል። ሐኪሙ እጄን ይዞ የቀረውን የኋላ እግር ዳሌ አስዳበሰኝ። ሲያንቀሳቅሰው ውስጡ እንደ አሸዋ ነገር ይንኮሻኮሻል።

"ይሄኛውም መገጣጠሚያው ጤነኛ አይደለም፣ እህቴ" አለኝ። "እስከ ዛሬ ሁለቱ እየተጋገዙ ነው የኖሩት። ከእንግዲህ ብቻውን ነው። ቀጭን ካደረጋችሁት ይኖራል። ካወፈራችሁት ግን በዚህ እግር ክረምቱን አይወጣም።"

የጎን አጥንቱን በጣቴ እየነካሁ መቁጠርም አስተማረኝ። ሳትጫኚ መቁጠር ከቻልሽ ደህና ነው፣ ፈልገሽ ካጣሽው ወፍሯል ማለት ነው አለ። ያን ቀን ሁሉንም ቆጠርኩ። እቤት ስደርስ ለእናቴ ቃል በቃል ነገርኳት፤ እሺ እሺ አለች። ውሻው ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ስታየው ግን የሰማች አልመሰለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የመውደቅ ሳምንታት ነበሩ። በረንዳችን ሊሾ ነው፤ እናቴ ለሠላሳ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሰም እያሸች እንደ መስታወት ያደረገችው። ውሻው እዚያ ላይ ሲነሳ የቀረችው የኋላ እግሩ ወደ ጎን ትሸሻለች፤ በደረቱ ይዘረጋል። እናቴ ሰሙን ተወችው። ጭራሽ በአመድና በውሃ ፈትጋ አደበዘዘችው፣ ጆንያ አነጠፈችበት። ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ ምነው በረንዳችሁ ምን ሆነ ይላል። ጆሮውን ሊያክ የኋላ እግሩን ያነሳና ዘጭ ይላል። ሽንቱን ሊሸና እንደ ልማዱ እግር ያነሳል፤ የሚያነሳው ግን ያቺኑ ያለችውን አንዷን ነው። ወድቆ በሽንቱ ይርሳል፤ ከዚያ ሰው አየኝ ወይ እንደማለት ዙሪያውን ያያል። አንድ ጊዜ ሳቅኩ። ሳቄን ሳልጨርስ አለቀስኩ።

የምናነሳው በእናቴ አሮጌ ነጠላ ነበር። በሆዱ ሥር አሾልከን እኔ በአንድ በኩል፣ የቤት ሠራተኛችን በሌላ በኩል ይዘን ዳሌውን ከፍ እናደርጋለን፤ እሱ በፊት እግሮቹ ይሄዳል። ግቢውን ሁለቴ ስንዞር ወገቤ ይቆረጣል። አንድ ጠዋት ነጠላውን ሳናመጣ፣ እናቴ ከኩሽና "አንተ" ብላ ስትጠራው ብቻውን ተነሳ። ተንገዳገደ፣ ቆመ፣ ሦስት ጊዜ እንጣጥ እንጣጥ ብሎ ኩሽናው ደጃፍ ደረሰ። እናቴ እጇ ሊጥ እንደሆነ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤት ወንድ ልጅ የተወለደ መስሎት መጣ።

መከራው የጀመረው ያን ዕለት ነው፤ እኔ ግን እንደ ደስታ ነበር ያየሁት። እናቴ ለሽልማት አንድ ጎድን ሰጠችው። ደሙን ይተካ አለች። አይከፋም፣ አንድ ቀን ነው አልኩ። በማግሥቱ ገንፎ አገነፋችለት፤ ለአራስ እንደሚገነፋው፣ መሃሉ ላይ ቅቤ ተደርጎበት። ምነው እማዬ ስላት፣ ሰው ከተቀደደ በኋላ የሚበላው ይኼንን አይደል፣ እሱ ከሰው በምን ያንሳል አለችኝ። ውሻ የማትወድ ሴት እኮ ናት።

ዳሌውንም በቅቤ ታሸው ጀመር። ከጉልበቷ የተረፈውን የቁርጥማት ቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጤና አዳም የተነጠረውን፣ ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ትቀባዋለች። ራሷን አንድ ጊዜ፣ እሱን አንድ ጊዜ። እሱ ጸጥ ብሎ ይታሻል። ፊቷን ስትመልስ አንገቱን አዙሮ ይልሰዋል፤ አንድም ሳያስቀር። በማግሥቱ ቅቤው ጠልቆ ገብቷል፣ ቆዳው ጠጥቶታል ብላ በደስታ ትጨምርለታለች። እኔ አይቼ ነገርኳት። አንቺ ደግሞ ክፉውን ብቻ ነው የምታዪው አለችኝ።

ከዚያ ሰዉ መጣ። መጀመሪያ ላይ ያልሳቀብን አልነበረም። የአንድ ለአምስታችን መሪ ለስብሰባ ልትጠራን መጥታ ውሻው እንጣጥ እንጣጥ ሲል ብታየው፣ ይሄ ምርጥ ተሞክሮ ነው፣ ለቀበሌ ሪፖርት ይደረግ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ግን ያችው ሴት በሳምንቱ ከአንድ ሠርግ የተረፈ አጥንት በፌስታል ይዛ ተመለሰች። በሰፈራችን ታማሚ ለመጠየቅ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው የለም። ውሻው በሦስት እግሩ እንጣጥ እንጣጥ እያለ በር ድረስ መጥቶ ሲቀበላቸው አንጀታቸውን ይበላዋል፤ አንጀቱ የተበላ ሰው ደግሞ ሌላ የሚያደርገው ነገር ያጣና እጁን ወደ መሶቡ ይሰዳል። ቆጮ የሚያመጣ አለ፣ ወተት የሚያመጣ አለ። ሐጂ፣ ግድግዳ የሚጋሩን የቅመማ ቅመም ነጋዴ፣ ውሻ አይነኩም፤ አጠገባቸውም እንዲደርስ አይፈልጉም። እሳቸውም ሳይቀሩ የተቀቀለ ሳንባ በጋዜጣ ጠቅልለው አጥሩ ላይ ያስቀምጡና ጉሮሯቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ውሻው የሐጂን ጉሮሮ ከሩቅ ያውቀው ነበር።

የጎን አጥንቱን በየሳምንቱ እቆጥራለሁ። በገና ሰሞን ሁለቱ ጠፉ። ከጥምቀት በኋላ የቀሩትን ፈልጌ ነው የማገኛቸው።

ሐኪሙ ለመገጣጠሚያው ጥሩ ነው ያለው አንድ ነገር ውሃ ነበር። ውሃ ውስጥ ሲቆም ክብደቱ ይቀልለታል፣ እግሩ ሳይጎዳ ይፍታታል ብሎኛል። ሐይቅ ያለበት ከተማ እየኖርን ይኼ ምን ችግር አለው አልኩ። ችግሩ ባጃጅ ነበር፤ ውሻ የሚጭን ባጃጅ የለም። በመጨረሻ ያው የገጨው ሹፌር መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አንጥፎ ከነውሻው ሐይቁ ዳር ያደርሰኛል። ቀሚሴን ሰብስቤ እስከ ጉልበቴ እገባለሁ፣ ውሻው እስከ ደረቱ። እዚያ ውሃ ውስጥ ሲቆም አንድ እግር የጎደለው መሆኑ አይታወቅም ነበር። ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ወፎቹን ያያል፣ ይራመዳል። በሳምንቱ ውስጥ ልቤ የሚያርፍበት ሰዓት ያቺ ብቻ ነበረች። ስንወጣ ዓሣ የሚያጸዱት ሴቶች ምስኪን እያሉ የዓሣ ጭንቅላት ይወረውሩለታል። ሹፌሩም የገዛውን ሳምቡሳ ከፍሎ ያጎርሰዋል። አንዴ ብቆጣው፣ እኔ ያደረስኩበትን በደል እያየሁ ብቻዬን እንዴት ልብላ አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ይህን ሰው ስንት ጊዜ አጽናናለሁ ብዬ ተውኩት።

ሁዳዴ ሲገባ እፎይ አልኩ። ቤታችን ሥጋ አይገባም፣ ቅቤ አይነካም፤ ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ሽሮና ጎመን ነው። ያለ ጠብ ያለ ጭቅጭቅ ውሻው ይከሳል ብዬ ሐሳቤን አሳረፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ግቢው ሥጋ ሥጋ ይሸታል። እናቴ በጓሮ በኩል ለብቻው ባስቀመጠችው ድስት ቅልጥም እየቀቀለች ነው። የራሷ ከንፈር ከጾሙ ደርቋል፤ ቀምሳ ጨው ማስተካከል እንኳ አትችልም። በጾም ሥጋ ታበስያለሽ ወይ ስላት፣ ቄሱን ጠይቄያለሁ፣ በሽተኛ ጾም የለበትም ብለውኛል አለች። በሽተኛው ማን እንደሆነ ነግረሻቸዋል ወይ አልኳት። ይሄን አልጠየቁኝም አለች።

ያን ዕለት ጮኽኩባት። አንድም ያልተናገርኩት አልቀረም፤ ሐኪሙን አነሳሁ፣ ዳሌውን አነሳሁ፣ ክረምቱን አነሳሁ። እየገደልሽው ነው አልኳት። እሷ ማማሰያውን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ።

"አንድ እግሩን ወሰዳችሁበት" አለች። "አሁን ደግሞ ሆዱን ልትወስዱበት ነው?"

እናቴ በዘመኗ ሁለት ክፉ ጊዜ ያየች ሴት ናት፤ ሰው በረሃብ ሲከሳ አይታ ነው ከአገሯ ወደዚህ የመጣችው። ቀጭን ሆኖ የሚድን ፍጡር በእሷ ዓለም ኖሮ አያውቅም። እኔ የምነግራት ነገር ለጆሮዋ፣ ውሃ እያጠጣሽ አድርቂው እንደማለት ነበር። ይህ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ የገባኝ እልኸኛ መሆኗ ብቻ ነው።

ፋሲካ አለፈ። የፋሲካውን አጥንት አልቆጥርላችሁም። ግንቦት ላይ ሐኪሙን ጠራሁት። ውሻው ያኔ ሊነሳ ሦስት አራት ጊዜ ይሞክር ነበር፤ ተነስቶም ጥቂት ተራምዶ ይቀመጣል፣ ያለከልካል። ሐኪሙ ሊያነሳው ሞከረና ተወው። ዳሌውን ነካው፤ ውሻው ሐኪሙን እየወደደው እንኳ ጥርሱን አሳየው። የምታበዪው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ። በግቢው ውስጥ ያለነው እኔ፣ እናቴና ሠራተኛችን ነን። እናቴ መሬት መሬት ታያለች።

"እኔ አይደለሁም" አልኩ። "እናቴ ናት።"

አሁን እውነቱን ልጻፈው። እኔም አበላው ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ውሻው እስከ በሩ ሊሸኘኝ ይመጣል። በሁለቱ የፊት እግሮቹ እየተሳበም ቢሆን ይመጣ ነበር። ያቺን ዳሌውን እየጎተተ፣ በየመሃሉ ቆም እያለ መጥቶ በሩ ላይ ቁጭ ይልና ያየኛል። ወጌሻውን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ያን ዓይን አይቼ ባዶ እጄን መውጣት አልቻልኩም። ሻይ ውስጥ ያጠቀስኩትን ዳቦ ግማሹን በወረቀት ይዤ እወጣለሁ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ አንድም ቀን አላጓደልኩም። ይህች ምግብ አትባልም እል ነበር ለራሴ። ማታ ተመልሼ እናቴ ላይ የምጮኸው ያን ዳቦ አብልቼ ነው።

ሐኪሙ እናቴን አልተቆጣትም። እናቴ፣ እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይስጡት፣ ይቺን ታክል ብሎ በጭልፋ ለክቶ አሳያት። እናቴ ጭልፋውን ከእጁ ተቀብላ እሺ ልጄ አለች። ቃሏንም ጠበቀች። ለሐጂ ነገርኳቸው፤ አጥሩ ላይ ጋዜጣ ቀረ። ለጎረቤት ሁሉ ነገርኩ፣ ለሹፌሩም። እኔም ዳቦዬን ተውኩ፤ በኩሽና በኩል እየዞርኩ በጓሮ በር መውጣት ጀመርኩ፣ እንዳያየኝ።

የረሃብ ወር ነበር። ውሻው አይጮህም፤ ኩሽናው ደጃፍ ተኝቶ ጭልፋውን ያያል። እናቴ ምግብ ስትሠራ በሩን ትዘጋለች፤ በጭሱ እያነባች ትወጣለች፤ ጭሱ ነው ትላለች። እንጀራ ስትቆርስ እጇ ሳታስበው ወደ በሩ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል። በዓይኑ ሲለምናት ማየት ስላልቻለች ከሰዓት ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን እየሄደች መቀመጥ ጀመረች። ውሻው ግን አልከሳም ማለት ይቻላል። እግሩ የማያንቀሳቅሰው ነገር እንዴት ይክሳ። አንድ አጥንት አገኘሁ፤ ወይም ያገኘሁ መሰለኝ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መጣ። ሐይቁ ዳር መሄድ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ቅዝቃዜው ዳሌውን ይይዘዋል፤ እኛም ያንን አሮጌ ነጠላ ከሣጥን አወጣነው። ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሁለት ሆነን ብናነሳው እግሩ መሬቱን አልረግጥም አለ። ስንለቀው ታጠፈ። ደግመን አነሳነው። የፊት እግሮቹ እየተንቀጠቀጡ ወደ ፊት ይስባሉ፤ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ኋላው የለም። ከዚያ እኔን ቀና ብሎ አየኝ። ልብ በሉ፣ አልተቆጣኝም፣ አላለቀሰም። ምን ላድርግ ብሎ ነው የጠየቀኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ነጠላውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ሠራተኛችን ክንዴን ነካ አድርጋ እትዬ እናስቀምጠው እስክትለኝ ድረስ ቆሜያለሁ።

አራት ቀን እንደዚያ ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙን ጠራሁት። መርፌውን እንደያዘ ስለገባኝ ቦርሳውን ሲከፍት አላየሁም። እናቴ ከኩሽና ወጣች። እጇ ላይ ሳህን አለ። በቅቤ የራሰ ቅንጨና ሥጋ ነው። ለሐኪሙ፣ ልጄ፣ ሳይበላ አይሂድ፣ አሁንም ትከለክለኛለህ ወይ አለችው። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ቁርጥማቷን ረስታ ጆንያው ላይ ተቀመጠች፤ በእጇ ታጎርሰው ጀመር። "በሞቴ" ትለዋለች። "አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።" ለእኔ፣ ለአባቴ፣ ለእንግዳ ሁሉ በዘመኗ ስትል የኖረችው ነው። ውሻው ከወራት በኋላ የሚያጠግብ ምግብ ስላየ ዓይኑ በራ፤ ጭራው ጆንያውን መታው። እየዋጠ እጇን ይልሳል። እሷ ሳህኑ እስኪጸዳ አላቆመችም። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። መርፌው ሲወጋው እንኳ ሳህኑን ነበር የሚያየው።

ሹፌሩ መጥቶ ጓሮ ቆፈረልን። ሁሉም ከሄደ በኋላ እናቴ በረንዳው ላይ ባዶውን ሳህን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ጆንያዎቹን እጠቀልላለሁ።

"እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?" አለችኝ።

ዳቦው ምላሴ ላይ ነበር። ሳምቡሳው፣ የሐጂ ሳንባ፣ የዓሣው ጭንቅላት፣ ከሁሉም በፊት ወጌሻው፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ነበሩ። ሁላችንም ነን እማዬ ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ነው። እኔ ግን ያን ቀን የሚወቀስ ሰው እፈልግ ነበር፤ ያ ሰው እኔ እንዳልሆን ደግሞ አጥብቄ እፈልግ ነበር።

"ዶክተሩ ነግሮሽ ነበር እኮ" አልኳት።

እሺ አለች። ጭልፋውን ከሐኪሙ የተቀበለች ዕለት እንዳለችው ነው ያለችው። ተነስታ ሳህኑን አጠበች።

ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። ነገሩ ሲያድር ጭራሽ የማይነገር ሆነ፤ ያኔ ምነው ዝም አልሽ ብትለኝ የምመልሰው የለኝም። እናቴም ስለ ውሻው አንስታ አታውቅም። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። እንግዳ ሲመጣ እንደ ድሮው ታቀርባለች፣ ጥሩ አድርጋ ታቀርባለች። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች። በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ፣ ጉርሻ የለ። እንግዳው እንደ ወጉ አንዴ በቃኝ ሲል ታነሳለች። ዘመዶቻችን ሴትዮዋ በስተርጅና ቋጣሪ ሆነች ብለው አሟት። ሐሜቱን ሰምቼ ዝም አልኩ። እሷም ሳትሰማው አልቀረችም፤ ግን ማንንም ብላ ብላ ማለት አልደፈረችም፤ እስክትሞት ድረስ።

ከመሞቷ በፊት በነበረው ዓመት አንድ እሑድ ዶሮ ሠርታ ለሁለት ቀረብን። የቤት ሥራ ስላዋከበኝ ቁርስ አልበላሁም፤ እየራበኝ ነበር የተቀመጥኩት። ጥቂት በላሁና ሰው እንደሚያደርገው እጄን ሰብሰብ አደረግሁ፤ እንድትለምነኝ። ልጅ ሳለሁ ልመናዋ ያናድደኝ ነበር። ያን ቀን ግን ዓይን ዓይኗን እያየሁ ጠበቅኋት። እጇ ወደ ሳህኑ ተነስቶ ነበር፤ እንቁላሉን ልትቆርስልኝ መሰለኝ። መሃል ላይ ቆመ።

"በቃሽ?" አለችኝ።

"በቃኝ" አልኳት።

ሳህኑን አነሳችው። አልጠገብኩም ነበር።